የታንከኛ ዘመዳችሁን ታሪክ ስትፈልጉ፣ መጀመሪያ የት እንደተቀመጠ ጠይቁ

እኛ ቤት ጋሽዬ «ታንክ ነጂ» ነበር። እናቴ እንደዚያ ትላለች። ጎረቤቱ እንደዚያ ይላል። ቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪኩን ያነበበው ሰውዬም እንደዚያ ብሎ ነው ያነበበው። ጋሽዬ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ በኦጋዴን ጦርነት ታንከኛ ነበር። ካረፈ በኋላ ታሪኩን ለልጆቼ ልጽፍላቸው ብዬ ተነሳሁ። አንድ ቅዳሜ የሚጨርሰው ሥራ መስሎኝ ነበር፤ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ከዚያ ሁሉ ልፋት በኋላ መጀመሪያ እርግጠኛ የሆንኩበት ነገር ምን መሰላችሁ? ጋሽዬ ታንክ ነድቶ አያውቅም።

አልዋሸንም። ማናችንም አልጠየቅነውም እንጂ። ሰው ታንክ ውስጥ ገባ ሲባል ነጂ ይመስለናል። ታንክ ግን እንደ ታክሲ አይደለም። ውስጡ አራት ወይም አምስት ሰው አለ፤ ሁሉም የየራሱ ሥራና የየራሱ ቦታ አለው። አዛዡ ዙሪያውን ያያል። ተኳሹ በማነጣጠሪያው ውስጥ ያለችውን ክብ ያያል። ሹፌሩ ፊት ለፊቱ ያለውን መሬት ያያል። ጥይት የሚያጎርሰው ሰው ደግሞ በውጊያ ሰዓት ከጥይቱና ከመድፉ የኋላ አፍ ሌላ ብዙ የሚያየው ነገር የለም። አራቱ አንድ ታንክ ውስጥ ሆነው አራት የተለያየ ጦርነት ነው የሚዋጉት። ስለዚህ «ጀግና ነበር ወይ?» «ስንት ገደለ?» ከማለታችሁ በፊት፣ የት ነበር የተቀመጠው የሚለውን ያዙ። ሌላው ሁሉ ከዚያ ይመዘዛል።

የምጽፈው በዋናነት ስለ ኦጋዴኑ ጦርነት ነው፤ የማውቀው እሱን ስለሆነ። የሰሜኑን ግንባር ወይም ከ1990 እስከ 1992 የነበረውን የባድመ ጦርነት ለምትፈልጉም አብዛኛው ይሠራል።

ከቤት ጀምሩ፤ ግን እናታችሁን አትመኑ

እናቴ ይህን ካነበበች ትቆጣለች። ግን እውነቴን ነው። የቤተሰብ ትዝታ ፍቅር እንጂ መረጃ አይደለም። መጀመሪያ ወረቀት ፈልጉ።

ወረቀቱ ደግሞ በቀላሉ አይገኝም። በግንቦት 1983 ሠራዊቱ ሲበተን ብዙ ቤት ፎቶ ተቃጥሏል፣ ዩኒፎርም ተቀብሯል። የኛም አያት የጋሽዬን ካኪ ጓሮ ቀበረችው፤ የት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልተገኘም። የተረፈው አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ነው። ውስጡ ሦስት ደብዳቤ፣ አንድ ፎቶ፣ የጡረታ ወረቀት፣ ግማሿ የተቀደደ የሕክምና ቦርድ ወረቀት፣ እና አንድ ቁልፍ። ቁልፉ የምን እንደሆነ አላወቅንም።

በየቤቱ መታየት ያለበትን ልንገራችሁ። የጡረታ ደብተር ወይም ደብዳቤ ካለ ወርቅ ነው፤ ሙሉ ስም፣ ማዕረግና የአገልግሎት ዘመን ይይዛል። የወታደር መታወቂያ ካለ የመለያ ቁጥሩን ገልብጡ፤ ስም ይምታታል፣ ቁጥር ግን አይምታታም። የሥልጠና ምስክር ወረቀትም ብዙ ይናገራል። በእንግሊዝኛ የተጻፈና አሜሪካ ውስጥ ፎርት ኖክስ የሚል ካለበት፣ ሰውዬው ከአሜሪካኖች ጋር በተሠራበት ዘመን የተማረ ነው፤ የአሜሪካ ጦር የታንከኛ ትምህርት ቤት እዚያ ነበር። ሩሲያኛ ካለበት ከዚያ ወዲህ ነው። የሕክምና ወረቀት አትናቁ። የጋሽዬ ቁራጭ ወረቀት ላይ የተረፈችው አንዲት መስመር «የግራ ጆሮ» ትላለች። ያኔ ምንም አልመሰለኝም።

ሣጥኑ ያለው ደግሞ ሁልጊዜ እናንተ ቤት አይደለም። የመጀመሪያ ሚስት ካለች እዚያ ነው። እህቶቹን ጠይቁ። ወንዶቹ ወረቀት ይጥላሉ፤ እህቶች ግን በነጠላ ጠቅልለው ያስቀምጣሉ።

አንድ ነገር ደግሞ ቀድማችሁ አጣሩ፤ ታንክ ነበር ወይ? እኛ ሀገር ብረት ለበስ የሆነ ሁሉ ታንክ ይባላል። ቢቲአርም ታንክ ነው፣ ኤም 113ም ታንክ ነው። ስምንት ጎማ ካለውና እግረኛ የሚጭን ከሆነ ታንክ አይደለም። የጓደኛዬ አባት «ታንከኛ» ሲባሉ ኖረው ቢቲአር ሹፌር ሆነው ተገኙ። አሳፋሪ ነገር የለውም፤ ግን ፍለጋው ሌላ ይሆናል።

ደብዳቤ እንዴት ይነበባል

የጋሽዬ ደብዳቤ እንደማንኛውም የዘመኑ ደብዳቤ ነው የሚጀምረው። «ይድረስ ለውድ እናቴ። እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ ከናንተ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።» ከዚያ የሰላምታ ዝርዝር። ከዚያ ስለ በሬው። ስለ ጦርነቱ ሁለት መስመር። የቦታ ስም የለም፣ የጦር ክፍል ስም የለም፣ ዓመተ ምሕረት የለም። ቀኑ ራሱ «የኪዳነ ምሕረት ማግስት» ነው የሚለው። መጀመሪያ ሳነበው ወረወርኩት። ምን ይጠቅማል ብዬ።

ከዚያ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ፈታሁት።

ኪዳነ ምሕረት በየወሩ በ16 ነው። ግን ከታች «የዘንድሮን ክብረ በዓል ከናንተ ጋር ባለማሳለፌ» ይላል። ስለዚህ ዓመታዊው ነው፤ የካቲት 16። ማግስቱ የካቲት 17። ዓመቱስ? ትንሽ ዝቅ ብሎ «እህቴን ማርያም በሰላም ታውጣት» ይላል። እህቱ እናቴ ናት። እናቴ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የወለደችው፤ እኔን፣ ሚያዝያ 1970። ደብዳቤው የተጻፈው የካቲት 17 ቀን 1970 ነው፤ ጅግጅጋ ነፃ ከመውጣቷ ከዘጠኝ ቀን በፊት። እኔ ራሴ ማስረጃ ሆንኩ ማለት ነው።

ቦታው ደግሞ እንዲህ ተገኘ። «ያለንበት ሀገር ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተቆልሎ የሚቆምበት ነው፤ አንዱ ዛሬ ወደቀ ነገ ወደቀ ያሰኛል» ይላል። ከሐረር ወደ ጅግጅጋ በመኪና ሄዳችሁ ከሆነ አሁኑኑ አውቃችሁታል። ከባቢሌ አልፎ ያለው የዳካታ ሸለቆ ነው። ድንጋዮቹ ዛሬም እዚያው ቆመዋል። ከሐረር ጅግጅጋ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ባቢሌን፣ ሸለቆውን፣ ከዚያ የካራማራን ተራራ ማለፊያ በር ያልፋል። የመልክዓ ምድር መግለጫ ስታገኙ ካርታ ይዛችሁ መንገዱን ተከተሉ። ወታደር የቦታ ስም እንዳይጽፍ ይከለከላል፤ ድንጋይና ዛፍ እንዳይጽፍ ግን ማንም አይከለክለውም።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር። እኔም አንድ ወር ሙሉ ተሳስቻለሁ። ደብዳቤው ላይ «ሻምበላችን ወደፊት ሄደ፤ እኛም በኋላ እንከተላለን» የሚል አለ። እኔ ሻምበሉ፣ ማለትም አዛዣቸው፣ ትቷቸው የሄደ መሰለኝ። የሻምበሉን ስም ፍለጋ ላይ ታች አልኩ። በኛ ጦር ግን ሻምበል ማዕረግም ነው፣ የጦር ክፍልም ነው። ሻለቃም እንደዚያው። ጓድ ደግሞ በደርግ ጊዜ ባሰበት፤ ጥቂት ሰዎች ያሉበት ትንሹ ክፍልም ጓድ ነው፣ «ጓድ ሊቀመንበር»ም ጓድ ነው። እንዴት ትለያላችሁ? ግሡን እዩ። ወታደር ስለ አለቃው ሲጽፍ አንቱ ይላል፤ «ሻምበላችን ሄዱ» ይላል። «ሄደ» ካለ የሄደው ሰው አይደለም፣ ክፍሉ ነው። አንዲት ፊደል ናት ልዩነቷ። አንድ ወር በላችብኝ።

የቀን አቆጣጠር ላይም ጥንቃቄ አድርጉ። የውጭ ጽሑፍ ስታነቡ 1977 ሲሉ ግማሹ የኛ 1969 ነው፣ ከመስከረም ወዲህ ያለው 1970 ነው። የሶማሊያ ጦር በሰፊው የገባው ሐምሌ 1969 ነው። ጅግጅጋ የተያዘችው በመስከረም መጀመሪያ 1970፤ በነሱ ሁለቱም 1977 ነው። ሰዓትም ስድስት ሰዓት ይለያያል። አንድ የውጭ ጽሑፍ «ከጠዋቱ 6 ሰዓት ማጥቃት ተጀመረ» ቢላችሁ በኛ 12 ሰዓት ነው፤ ገና ጎህ ሲቀድ።

ፎቶውን በጎማ ቁጠሩ

ጋሽዬ ታንክ ላይ ተደግፎ የተነሳው ፎቶ አለን። አንድ ጓደኛው አጠገቡ ነው፣ ሌላው ከታንኩ ላይ ተቀምጧል፣ ከፊት ከሹፌሩ መውጫ አንድ ራስ ብቅ ብሏል። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ጥቂት ቃላት አሉ።

ፎቶ ስታገኙ ፊቱን አትዩ። ፊት ላይ ካተኮራችሁ ታለቅሳላችሁ፣ ሥራም አይሠራም። ታንኩን እዩ። የታንኩ ዓይነት ዘመኑን ይነግራችኋል፤ ዘመኑ ደግሞ ክፍሉን ለመፈለግ ይረዳል።

የኢትዮጵያ ጦር እስከ 1969 ድረስ በዋናነት የአሜሪካ ታንክ ነበር የያዘው፤ ኤም 41 እና ኤም 47፣ በኋላም ኤም 60። የካቲት 1969 ላይ አሜሪካ እርዳታዋን ቀነሰች፣ ሚያዝያ ላይ ደርግ የአሜሪካኖቹን ወታደራዊ ቢሮዎች ዘጋ። ከዚያ የሶቪየቶቹ መጣ፤ መጀመሪያ አሮጌው ቲ-34፣ ቀጥሎ ቲ-54 እና ቲ-55። ዋናው ጭነት በአየርና በባሕር መጉረፍ የጀመረው ኅዳር 1970 ላይ፣ ሶማሊያ ሶቪየቶችን ካባረረች በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ቲ-62 ተጨመረ። ስለዚህ ዘመዳችሁ በ1969 ክረምት ጅግጅጋ አካባቢ ታንከኛ ከነበረ፣ ታንኩ የአሜሪካ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። በ1970 የካቲት ከሆነ ሁለቱም ይሆናል።

ለመለየት ሰንሰለቱ ውስጥ ያሉትን ትልልቅ ጎማዎች ቁጠሩ። ኤም 47 እና ኤም 60 ስድስት ስድስት አላቸው፣ ከላይም ሰንሰለቱን የሚሸከሙ ትንንሽ ጎማዎች አሉ። ኤም 41 አምስት ነው፣ እሱም ከላይ ትንንሾቹ አሉት። የሶቪየቶቹ ሁሉም አምስት ናቸው፣ ከላይ ምንም የለም፤ ሰንሰለቱ በትልልቆቹ ጎማዎች ላይ ተኝቶ ነው የሚሄደው። ከነሱ መካከል ቲ-54 እና ቲ-55 በመጀመሪያውና በሁለተኛው ጎማ መካከል ሰፋ ያለ ክፍተት አላቸው። ቲ-62 ክፍተቱ ወደ ኋላ ነው። አፈሙዙንም እዩ። ቲ-55 ጫፉ ላይ እብጠት አለው። ቲ-62 እብጠቱ ከጫፍ ራቅ ይላል። ቲ-34 ቀጥ ያለ ነው፣ ምንም የለውም። ኤም 47 ብዙ ጊዜ ጫፉ ላይ እንደ መዶሻ ወደ ጎን የወጣ ነገር አለበት።

እኔ መጀመሪያ ጋሽዬን «ኤም 47 ላይ ነበር» ብዬ ለቤተሰቡ ሁሉ በቴሌግራም አወጅኩ። የጓደኛው እግር ሁለት ጎማ ሸፍኖ ነበር፤ እኔ የማይታየውን በግምት ቆጥሬ ስድስት አደረግሁት። ከላይ ትንንሽ ጎማ አለመኖሩን አላየሁም። በማጉያ መነጽር ስመለስበት የመጀመሪያው ክፍተት ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ቲ-55 ነው፤ ወይ ታላቅ ወንድሙ ቲ-54። ማወጄን መልሼ አፈረስኩ። የአክስቴ ልጅ እስካሁን «ኤም 47» እያለ ይጠራኛል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። ቲ-34ም ቲ-55ም ሁለቱም ወገን ነበረው። ወታደር ደግሞ የተማረከ ታንክ ላይ ፎቶ መነሳት ይወዳል። ፎቶው ብቻውን «ታንኩ የሱ ነው» አይልም። ሌላ ምስክር ያስፈልጋል።

አራት ሲኒ

ምስክሩ ሰው ነው። የጋሽዬን ታሪክ ቢሮ አልፈታውም፤ ደብረ ዘይት የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ናቸው የፈቱት። በሰው በሰው ነው ያገኘኋቸው። የቀድሞ ሠራዊት አባላት በየከተማው ማኅበርና ዕድር አላቸው፤ ፌስቡክ ላይም ፎቶ እየለጠፉ ይጠያየቃሉ። የታንኩን ፎቶ ለጥፉ፣ የዘመዳችሁን ስምና ቅጽል ስም ጻፉ። የመለያ ቁጥሩን ግን አደባባይ አታውጡ።

የቀድሞ ወታደር ልታናግሩ ስትሄዱ በባዶ እጅ አትሂዱ፣ በመቅረጫ ስልክም አትጀምሩ። ከ1983 በኋላ «የደርግ ወታደር» ሲባሉ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ማን እንደሆናችሁ፣ የማን ልጅ እንደሆናችሁ መጀመሪያ ተናገሩ። ፎቶውን አሳዩ። ለመቅረጽ ፈቃድ ጠይቁ፤ እምቢ ካሉ በእጅ ጻፉ። ዝም ሲሉ ዝም በሉ። «ስንት ሰው ገደላችሁ» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቡናውን ጨርሶ ቢሄድ ይሻላል።

እኔ የሄድኩት ሁለት ገጽ ጥያቄ ጽፌ ነበር። አልተጠቀምኩበትም። ሽማግሌው ፎቶውን ወስደው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ «አጎትሽ ምን ነበር ይላሉ ቤት?» አሉኝ።

«ታንክ ነጂ ነበር ነው የሚሉት፣ ጋሼ።»

«ታሪክ ሲያወራችሁ እጁን ምን ያደርግ ነበር?»

ደነገጥኩ። ጋሽዬ ስለ ጦርነቱ ሲያወራ ሁልጊዜ የሚያደርገው ነገር ነበረው። የግራ እጁን ይጨብጥና ወደፊት ይገፋል። ልጆች ሳለን ቡጢ ይመስለን ነበር፤ እንስቅ ነበር። ጋሽዬ ግን ቀኝ እጁ ነው የሚሠራው። ማንኪያም ብዕርም በቀኝ ነው። ለምን በግራ እንደሚገፋ አንድም ቀን አላሰብኩትም። አሳየኋቸው።

ሽማግሌው ሳቁ። «ልጄ፣ ይሄ ሹፌር አይደለም። ይሄ አጉራሽ ነው» አሉ።

ከዚያ ከረከቦቱ ላይ አራት ሲኒ አንስተው ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። ሦስቱን በግራ በኩል አንድ መስመር ላይ፤ ፊት ሹፌሩ፣ ቀጥሎ ተኳሹ፣ ከኋላው አዛዡ። አራተኛውን ሲኒ ብቻውን በቀኝ አስቀመጡት። መሐል ላይ ማንኪያ አጋደሙ፤ መድፉ መሆኑ ነው። በቲ-55 አጉራሹ ከመድፉ በስተቀኝ ነው። መድፉ በግራው ስለሚሆን ጥይቱን በግራ እጁ ነው የሚገፋው። ጥይቱ 100 ሚሊ ሜትር ነው፣ 30 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። እጅ የሚጨበጠው ደግሞ መዝጊያው ሲዘጋ ጣት እንዳይቆርጥ ነው። በአሜሪካኖቹ ኤም 41 እና ኤም 47 ተቃራኒው ነው፤ አጉራሹ ከመድፉ በስተግራ ነው።

አያችሁ? አንዲት የእጅ እንቅስቃሴ የታንኩን ዓይነትም ሥራውንም ነገረችን። ፎቶው ቲ-55 አለ፣ እጁም ቲ-55 አለ። ያ የተቀደደ ወረቀት ላይ ያለው «የግራ ጆሮ»ም ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። መድፉ በግራው ነበር። ይሄኛውን እርግጠኛ ነኝ አልልም፤ ጆሮ በብዙ ነገር ይጎዳል። ግን ማስታወሻዬ ላይ ጽፌዋለሁ።

ስለዚህ የመጣው ምክሬ ይሄ ነው። ወረቀት ላይ ክብ ሥሩና ታንኩን የሚያውቅ ሰው ማን የት እንደነበር ያስቀምጥላችሁ። ዘመዳችሁ በሕይወት ካለ ራሱ ያስቀምጥ። አምስት ሰው ካለ ወደ ኤም 47 ወይም ወደ ቲ-34 አስቡ፤ በነዚህ ከሹፌሩ ጎን የሚቀመጥ መትረየስ ተኳሽ አለ። አራት ከሆነ ኤም 41፣ ኤም 60፣ ቲ-55 ወይም ቲ-62 ነው። ከዚያ ለቦታው የሚሆን ጥያቄ ጠይቁ። አጉራሽን «ምን አየህ?» ብትሉት «ምንም» ይላችኋል፤ እውነቱን ነው። «ምን ሰማህ? ቀለሁ ሲወድቅ የት ነበር የሚያርፈው? ጭሱስ? ማን ነበር የሚጮህብህ?» በሉት። ሹፌርን ስለ መንገድ ጠይቁት። ተኳሽን ስለ ርቀት። አዛዥን ስለ ሬዲዮ።

እኛ ጋሽዬን «ካራማራ እንዴት ነበር?» እያልን ስንጠይቀው «ጨለማ ነበር» ይለን ነበር። ሌሊት የተዋጉ መስሎኝ ነበር።

የካራማራውን ዘመን የምትፈልጉ አንድ ነገር ጨምራችሁ ጠይቁ፤ በበሩ ፊት ለፊት ነበር ወይስ ዞሮ ከገባው ጦር ጋር? የካቲት 26 ቀን 1970 ጅግጅጋ የተያዘችው በበሩ ቀጥታ በመጋፈጥ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን ያሉበት ኃይል ተራራውን በሰሜን ዞሮ ነው የመጣው። ሁለቱ በጣም የተለያዩ ታሪኮች ናቸው።

ቢሮ

ቢሮ መሄድ አለባችሁ። ግን ተስፋ አድርጋችሁ አትሂዱ።

ይዛችሁ የምትሄዱት ማመልከቻ፣ የራሳችሁ መታወቂያ፣ እና ዝምድናችሁን የሚያሳይ ነገር ነው። ለልጅ ይቀላል። የወንድም ወይም የእህት ልጅ ከሆናችሁ ከልጆቹ ውክልና ብትይዙ ይሻላል። ማመልከቻው ላይ ታሪክ አትጻፉ። ሙሉ ስም ከነአያት፣ የመለያ ቁጥር፣ ማዕረግ፣ የትውልድ ቦታ፣ የገባበት ዓመት፣ ክፍሉ። አለቀ።

እኔ አንድ መሥሪያ ቤት ሦስት ጊዜ ሄጄ ሦስት ጊዜ «ፋይሉ የለም» ተባልኩ። አራተኛው ቀን አንዲት ሴትዮ ምሳ ልትወጣ ስትል «በየትኛው ሠ ነው የፈለጋችሁት?» አለች። የአያቱ ስም ላይ «ሰ» አለ። እኛ በእሳቱ ሰ ጽፈን ነበር፤ ፋይሉ በንጉሡ ሠ ነበር። ስለዚህ ስሙን በሁሉም መልኩ ጽፋችሁ ሂዱ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ። ሰ፣ ሠ። አ፣ ዐ። ጸ፣ ፀ። ኃይሉ፣ ሐይሉ፣ ሀይሉ አንድ ሰው ናቸው፤ መዝገብ ውስጥ ግን ሦስት ሰው ናቸው። ተያይዘው የሚጻፉ ስሞችም እንደዚያው ናቸው፤ ገብረ ማርያም፣ ገብረማርያም፣ ገ/ማርያም።

ፋይሉ ውስጥ የነበረው አንድ ገጽ ነው። ግን ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ገጽም ሠርግ ነው።

ጋዜጣ ለማየት ወመዘክር ሂዱ። አሁን ስሙ የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ነው፤ ባለታክሲው ግን ወመዘክር ሲሉት ነው የሚገባው። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም አለ። የ1970 አዲስ ዘመንን ስታነቡ የዘመዳችሁን ስም አትጠብቁ። ሽንፈትም አይጻፍበትም። የሚጠቅማችሁ ለቀን ነው፤ የሰው ትዝታ «ከዓድዋ በዓል በኋላ» ሲላችሁ በየቀኑ ምን እንደተወራ ታመሳክራላችሁ። የመኮንኖች ማስታወሻ መጻሕፍትም ብዙ አሉ። እነሱን ስታነቡ የጸሐፊው ቦታ የት እንደነበር አትርሱ። የብርጌድ አዛዥ አጉራሽን አያየውም።

ዘመዳችሁ ሳይመለስ ቀርቶ ከሆነ ቀይ መስቀልን አትዝለሉ። በኦጋዴን የተማረኩ ብዙዎች ከአሥር ዓመት በላይ ሶማሊያ ታስረው ነበር። በ1980 ሁለቱ መንግሥታት ሲስማሙ ከ3,500 በላይ ኢትዮጵያውያን በዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል በኩል ተመልሰዋል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የጠፋ ቤተሰብ የሚያፈላልግ ክፍል አለው። ቤት ውስጥ የቀይ መስቀል የመልእክት ወረቀት ካገኛችሁ፣ ባዶ ቢመስልም አትጣሉት። እነዚያ መልእክቶች የቤተሰብ ወሬ ብቻ እንዲይዙ ነው የሚፈቀደው፤ ስለዚህ ስለ በሬውና ስለ ልጁ ጥምቀት ብቻ ቢያወራ አይግረማችሁ። የሚፈለገው ቀኑና ቁጥሩ ነው።

ኦሪጅናል ወረቀት ለማንም አትስጡ። ፎቶ አንሱ፣ ቅጂ አድርጉ፣ ቅጂውን ስጡ። ያገኛችሁትን ስትጽፉም ማን እንደነገራችሁ አጠገቡ ጻፉ። «እናቴ ያለችው»፣ «ደብዳቤው ላይ ያለው»፣ «ሽማግሌው ያሉት» ብዬ በሦስት ቀለም ነው የምጽፈው። የእናቴ ቀለም ቀይ ነው። እሷ ለምን እንደሆነ አታውቅም።

እኔ አሁን ሹፌሩን እየፈለግኩ ነው። ፎቶው ላይ ከፊት ብቅ ያለችው ራስ የሱ ናት፤ የታንከኛ ቆብ አድርጓል፣ ፊቱ ግማሹ ጥላ ውስጥ ነው። ከጀርባው የተጻፈው «ሹፌራችን፣ የወሎው» ብቻ ነው። ስም የለም። ሽማግሌው ከሐረር ሆስፒታል ወዲህ አላዩትም። ሲኒዎቹን ወደ ረከቦቱ ሲመልሱ የፊተኛውን መጨረሻ ላይ ነው ያነሱት። በሕይወት ካለ ከሰባ አልፎታል። ጋሽዬ ጨለማ ውስጥ ሆኖ ጥይት ሲገፋ፣ መንገዱን ያየው እሱ ነበር።